ምን ጎድሎህ ነው?

ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። የተሰበረውን ኩሽኔታ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ያለቀውን የፍሬን ሸራ በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ቢያንስ ቢያንስ የዕቃውን ፎቶ በስልኩ አንሥቶ ይመጣል። ባዶ እጁን ከመጣ የሱቁ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ናሙናው የታለ?» ብሎ ነው። ስማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ ሆኖ በአንድ ጥርስ ብቻ የሚለያዩ ዕቃዎች አሉ። የጎደለውን ሳያዩ የሚሞላውን መሸጥ ገዢና ሻጭን ያጣላል።

እኔ በዚህ ሰፈር በአጎቴ ሱቅ ስፖኪዮና ፍሬቻ እየሸጥሁ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ። «ናሙናው የታለ?» የሚለውንም በቀን ሃያ ጊዜ እል ነበር። ነገር ግን ሰውን ይህን ጥያቄ መጠየቅ እንደሚገባኝ የተማርሁት ዘግይቼ ነው፤ ያስተማረኝም አንድ የፕሮቲን ዱቄት ጣሳ ነው።

ጣሳው

በዚያን ጊዜ የወጣቶች ኅብረታችን ሰብሳቢ ነበርሁ። በኅብረቱ ውስጥ ዕድሜው 19 የሆነ፣ በመዘምራን ውስጥ የሚያገለግል አንድ ወንድም ነበር። ከእኛ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ባለ ሌላ ሱቅ በረዳትነት ይሠራል። አንድ ዓርብ ማታ ከልምምድ በኋላ ከቦርሳው ትልቅ ጥቁር ጣሳ አወጣ። በላዩ ላይ ክንዱ እንደ ባሌስትራ የተደራረበ ሰው ተሥሎበታል። ልጆቹ ከበቡት፤ እየተቀባበሉ አዩት።

እኔም ሰብሳቢ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ወንድሜ፣ ደግሞ ምን ጎድሎህ ነው? ጌታ የሰጠህ ሰውነት አንሶህ ነው በዱቄት የምታሳብጠው?» አልሁት። ሁሉም ሳቁ። እርሱም ሳቀ፤ ጣሳውንም ወደ ቦርሳው መለሰ። በሚቀጥለው ዓርብ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለውም ዓርብ አልመጣም። እኔ «ተግሣጽ የማይወድ» ብዬ በልቤ ዘጋሁት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ይኸው ወንድም ከሌላ ረዳት ጋር ካምቢዮ ተሸክሞ ከመኪና ሲያወርድ ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። ብረቱ እግሩን ለጥቂት ሳተው። በአጠገቡ የሚሠሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ደግፈው አስቀመጡት፤ ስኳር የበዛበት ሻይም አስመጡለት።

«ልጄ፣ ዛሬ ምን በላህ?» አሉት።

«ፕሮቲን ጠጥቻለሁ፣ ጋሼ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ምን በላህ?»

ዝም አለ። በኋላ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ለዚያ ጣሳ የከፈለው የአንድ ወር የምሳ ገንዘቡን አጠራቅሞ ነው። ጠዋት ሻይ በደረቅ ዳቦ፣ ቀን አንድ ብርጭቆ ዱቄት በውኃ፣ ማታ የተገኘውን ይበላል። ለምን እንዲህ አደረገ? የሱቁ ባለቤት ከሁለቱ ረዳቶች አንዱን ብቻ ለማስቀረት አስቧል፤ «ዕቃ የሚያነሣው ይቀራል» ተብሎም ተነግሯቸዋል። ሁለተኛው ረዳት ትከሻው ሰፊ ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ከወር ደመወዙም ግማሹን ለእናቱ ይልካል።

ወጣቶች ሆይ፣ እኔም ጋሼም የጠየቅነው ጥያቄ አንድ ነበር፤ የጎደለህ ምንድን ነው? በቋንቋችን ግን ይህ ጥያቄ ሁለት ፊት አለው። «ምን ጎድሎህ ነው?» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ «ምንም አልጎደለህም፤ አርፈህ ተቀመጥ» ማለት ነው። መልስ አይጠብቅም። ጋሼ ግን የጠየቁት መልሱን ሊሰሙ ነው። አንዱ ይዘጋል፤ ሌላው ይከፍታል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው፦ ሰውነታችንን በሚመለከት ጥያቄውን በሁለተኛው ፊቱ መጠየቅ።

ሥጋ የሚጎድለው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ከሥጋው እንጀምር፤ ብዙ ስብከት የሚሳሳተው ይህን ዘልሎ ሲሄድ ነውና።

ፕሮቲን የሰውነት መገንቢያ ነው። ጡንቻ፣ ቆዳ፣ ደም፣ በሽታ የሚከላከሉ ኃይሎች ሁሉ ከእርሱ ይሠራሉ። ጤናማ ለሆነ ዐዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል እንደሚበቃ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ክብደቱ 60 ኪሎ ለሆነ ወጣት ይህ 48 ግራም ነው። ክብደት የሚያነሣ ወይም ጠንካራ ስፖርት የሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ ያስፈልገዋል፤ በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም፣ ማለትም ለዚሁ ወጣት ከ72 እስከ 96 ግራም። በክብደት ልምምድ ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ በአማካይ ከ1.6 ግራም በላይ መጨመር ለጡንቻ ዕድገት እምብዛም የሚያክለው የለም።

አሁን ወደ ገበታችን እንምጣ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም፣ ሽንብራ ወደ 20፣ ባቄላ ወደ 26፣ ለውዝ ወደ 25 ግራም ይይዛል። የጤፍ ዱቄት እንኳ በመቶ ግራም 12 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ ጠዋት ሁለት እንቁላል በዳቦ፣ ቀን ሽሮ በእንጀራ፣ ማታ ምስር ወጥ በእንጀራ የጠገበ ሰው ወደ 70 ግራምና ከዚያም በላይ ያገኛል። ከሶማሌ ተራ በእግር ተሂዶ እህል በረንዳ ይደረሳል፤ እዚያ በጆንያ የተደረደረው ባቄላ፣ አተርና ሽንብራ ክንዱ ያበጠ ሰው አልተሣለበትም እንጂ ፕሮቲን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጡቦች ይገነባል። ከ20ዎቹ ውስጥ 9ኙን ሰውነታችን መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት። እንደ ስንዴና በቆሎ ያሉ እህሎች ላይሲን የሚባለው ጡብ ያንሳቸዋል፤ ጥራጥሬ ግን በእርሱ ባለጠጋ ነው። ጥራጥሬ ደግሞ የሚያንሰውን ሜታዮኒን ከእህል ያገኛል። እንጀራና ሽሮ በአንድ ገበታ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ አካል ብልቶች ሲጽፍ፣ አንዱ ብልት ሌላውን «አታስፈልገኝም» ሊለው እንደማይችል አስተምሯል። እናቶቻችን ላይሲን የሚለውን ስም ሳይሰሙ ይህን በገበታ ላይ አውቀውታል፤ ስሙንም «በያይነቱ» ብለውታል። «የተመጣጠነ ምግብ» የሚለው የትምህርት ቤት ቃል ከዚህ የተሻለ ነገር አልነገረንም።

ታዲያ ያ ወንድም ዱቄቱን እየጠጣ ለምን ወደቀ? ሰውነት ከሁሉ አስቀድሞ ጉልበት ይፈልጋል። ከእህል፣ ከሥራ ሥርና ከዘይት የሚገኘው ጉልበት ሲያንስ፣ ፕሮቲኑን ራሱን ያነደዋል። ለቤት ምሰሶ የተገዛውን እንጨት ማገዶ አጥቶ እንደሚያነድ ሰው ማለት ነው። ምሳውን ሸጦ ፕሮቲን የገዛ ሰው ምሰሶውን እያነደደ ነው። ጡንቻም በዱቄት ብቻ አይመጣም፤ በልምምድ፣ በበቂ ምግብ፣ በእንቅልፍና በጊዜ ነው የሚመጣው። ሰውነት ትርፍ ፕሮቲን የሚያስቀምጥበት ጎተራ የለውም፤ የተረፈው ለጉልበት ይነድዳል ወይም ወደ ስብ ይለወጣል፤ ዝቃጩም በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል።

ማሟያ መጥፎ ነው?

አይደለም። በአገራችን ሁላችንም የምናውቀው ማስረጃ አለ፦ ፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ በተቋቋመው የሥነ ምግብ ተቋም የተዘጋጀው ይህ ዱቄት፣ ስንዴና ጥራጥሬ ከወተት ዱቄት፣ ከቫይታሚንና ከማዕድን ጋር ተቀላቅሎበት ጡት ከመጣል ጋር በሚመጣው የምግብ እጥረት ለሚጎዱ ሕፃናት የታሰበ ነው። ስሙም ምኞቱን ይናገራል፤ ሕፃኑ ይፋፋ። ይህ ፕሮቲን የተጨመረበት ማሟያ ነው፤ በውስጡ ያለው ግን ከእኛው ጎተራ የሚገኝ እህልና ጥራጥሬ ነው። ማንም ክርስቲያን ሕፃኑን ፋፋ ስላበላ አይገሠጽም። ለምን? ጉድለቱ እውነተኛ ስለ ሆነ፣ ማሟያውም ጉድለቱን አይቶ ስለ ተዘጋጀ ነው። ናሙናው ታይቷል።

በጥቁር ጣሳ የሚሸጠውም ቢሆን ከሰማይ የወረደ ወይም ከሲኦል የወጣ ነገር አይደለም። ከዓይነቶቹ ዋነኛው የሚሠራው አይብ ሲወጣ ከሚቀረው ፈሳሽ፣ ማለትም ከአጓት ነው። አጓቱ ይጣራል፣ ይደርቃል፣ ይጣፍጣል፣ ይታሸጋል። አንድ ማንኪያ፣ 30 ግራም ያህሉ፣ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ያ ወንድም ይህን ስነግረው ዓይኑን አፈጠጠ። «አያቴ አጓቱን ለጥጃ ነበር የምትሰጠው!» አለ።

ስለዚህ ዱቄቱ ለሚያስፈልገው ሰው ይጠቅማል። ከሕመም የሚያገግምና ምግብ አልበላ ያለው ሰው፣ የምግብ ፍላጎቱ የቀነሰ አረጋዊ፣ ሐኪም ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ያዘዘለት ሰው፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሠለጥንና ከልምምድ በኋላ ምግብ የማያገኝ ስፖርተኛ ሊጠቀምበት ይችላል። ጥፋቱ ያለው ማሟያውን በዋናው ቦታ ማስቀመጥ ላይ ነው። መለዋወጫ መኪና አይደለም። ሶማሌ ተራ ያለውን ካንዴላ ሁሉ ገዝቶ ቤቱ ቢቆልል፣ ሞተር የሌለው ሰው አንድ እርምጃ አይነዳም።

አንድን መልካም ነገር ብቻውን ማንገሥ ምን እንደሚያመጣ በአማራ ክልል የኖሩ ገበሬዎች በሥጋቸው አይተውታል። ጓያ በፕሮቲን እጅግ የበለጸገ ጥራጥሬ ነው፤ ድርቅንም ይቋቋማል። ሌላው እህል ሲጠፋ ለወራት ጓያን ብቻ የበሉ ሰዎች ግን እግራቸው ሽባ ሆኗል፤ በውስጡ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደምቢያና በፎገራ አካባቢ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ተጎድቷል። ያው ጓያ ከሌላ እህል ጋር በጥቂቱ ሲበላ አንድን ሰው እንዲያ አይጥልም። እነዚያ ሰዎች ምርጫ ስላልነበራቸው ነው ጓያን ብቻ የበሉት። እኛ ምርጫ እያለን ምሳችንን ትተን አንድ ጣሳ ላይ ስንንጠለጠል ምን እንባላለን?

ኦርጅናል ነው?

በሶማሌ ተራ ከ«ናሙናው የታለ?» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ኦርጅናል ነው?» ነው። ሁለት የፍሬን ሸራዎች በአንድ ዓይነት ካርቶን፣ በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ታሽገው ይቀርባሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ነው።

የዱቄቱም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከ13 አገሮች የተገዙ 634 የምግብ ማሟያዎችን መርምሮ ነበር። ከእነርሱ 94ቱ፣ ማለትም ከመቶ ወደ 15 የሚጠጉት፣ በመለያቸው ላይ ያልተጻፈ የጡንቻ ማሳደጊያ ሆርሞን ወይም ወደዚያ የሚለወጥ ነገር ተገኝቶባቸዋል። ፕሮቲን አንድ ነገር ነው፤ ስቴሮይድ ሌላ ነገር ነው። ስቴሮይድ ልብን፣ ጉበትንና የመራቢያ አካልን ይጎዳል። በስፖርት ሕግም «አላወቅሁም» ማለት አትሌቱን ነጻ አያወጣውም፤ ወደ ሰውነቱ ለገባው ሁሉ ተጠያቂው ራሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና የሆነውንም አስቡ። በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን በተለመደው መንገድ የሚለካው የናይትሮጅኑ መጠን ተለክቶ ነው። አታላዮች ይህን ዐወቁና በውኃ የቀጠነውን ወተት ሜላሚን የሚባል፣ ናይትሮጅን የበዛበት የኢንዱስትሪ ኬሚካል ጨመሩበት። ሚዛኑ «ፕሮቲን አለ» አለ። የሕፃናቱ ኩላሊት ግን በጠጠር ተዘጋ። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ ስድስት ሞቱ። መጽሐፈ ምሳሌ እግዚአብሔር የሐሰት ሚዛንን እንደሚጸየፍ ሲናገር ስለ ገበያ ብቻ የሚናገር ሊመስለን ይችላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ሚዛኑ የተዋሸው በሕፃናት ኩላሊት ላይ ነው።

በአገራችን የምግብ ማሟያዎችን የሚመዘግብና የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ። በጓደኛ ቦርሳ ተይዞ የመጣ፣ ክዳኑ ውስጥ ያለው ማሸጊያ የተቀደደ፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የተፋቀ ጣሳ ግን ማን አየው? የወንድማችንን ጣሳ ገልብጠን ስናየው የታተመው ቀን በግማሽ ተፍቆ ነበር። አራግፈን ጣልነው። የአንድ ወር ምሳ በቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ሲወድቅ የታየበትን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እዚህ ላይ ለእናንተ ለምትሸጡትም ቃል አለኝ። በጂም ቤት ለወዳጆቻችሁ ዱቄት የምታመጡ ወንድሞች ካላችሁ፣ ለወንድምህ የማትጠጣውን አትሽጥለት። «ኦርጅናል ነው» የሚለው ቃል ከአማኝ አፍ ሲወጣ ምስክርነት ነው።

ሌላው ጉድለት

እስካሁን ስለ ሥጋ ተናገርን። ይሁንና ብዙዎቻችን ጣሳውን የምንገዛው ግራም ቆጥረን አይደለም። በስልካችን ላይ ያየነው ክንድ፣ በሰፈር የተወረወረብን «ቀጮ» የሚል ስም፣ «እንዲህ ብሆን ይወደኝ ነበር፤ እንዲህ ብሆን ትወደኝ ነበር» የሚል ሐሳብ ነው የሚያስገዛን። ይህም ጉድለት ነው፤ አይናቅም። ነገር ግን ናሙናው ሌላ ነው። ለልብ ጉድለት የጡንቻ መለዋወጫ ቢገዙለት ጥርሱ አይገጥምም። ክንዱ ይሰፋል፤ ፍርሃቱ ግን በዚያው ይቀመጣል፤ ከዚያ የሚበልጥ ክንድ ባየ ቁጥር ይቀሰቀሳል።

በቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ስሕተት አያለሁ። አንደኛው ሥጋን ማንገሥ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ መስተዋት ፊት መቆም፣ የጸሎት ሰዓትን ለጂም መስጠት፣ የእናትን አስቤዛ ለጣሳ ማዋል። ሁለተኛው ሥጋን መናቅ ነው፤ «ሁሉም ከንቱ ነው» እያሉ በምግብና በእንቅልፍ መጫወት፣ ሰውነቱን የሚንከባከበውን ወንድም «ሥጋዊ» ማለት። እኔ ዓርብ ማታ የሠራሁት ስሕተት ሁለተኛው ነበር፤ መንፈሳዊ ልብስ ስለ ለበሰ ግን አላወቅሁትም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሰውነት ልምምድ ጥቂት ይጠቅማል እንጂ ምንም አይጠቅምም አላለም። «ጥቂት» የሚለውን ቃል «ምንም» አድርገን ያነበብነው እኛ ነን። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ሰውነታችን የራሳችን አለመሆኑን ነገራቸው። የራሴ ያልሆነውን ዕቃ አላመልከውም፤ አልጥለውምም። በአደራ የተሰጠኝን መኪና እንደምይዘው ያህል እይዘዋለሁ፤ ዘይቱን በጊዜው እቀይራለሁ፣ ያልታወቀ ነዳጅ አልሞላበትም፣ እየሳምሁትም አላድርም።

አንዳንዶች በዚህ ላይ ዳንኤልን ይጠቅሳሉ። ዳንኤልና ጓደኞቹ የንጉሡን መብል ትተው ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ወሰዱ፤ ፊታቸውም ከሌሎቹ አማረ። ለሽሮ የቀረበ ማስታወቂያ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ግን ዳንኤል ያሰበው ስለ ቁመናው አልነበረም። በልቡ የወሰነው እንዳይረክስ ነው። ምግቡ የታማኝነቱ ቦታ ሆነ እንጂ ግቡ አልሆነም። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርትም ይህ ይመስለኛል፦ ገበታችን ላይ የምንወስነው ነገር የማን እንደ ሆንን ይናገራል። ጥራጥሬ በላህ ወይስ ዱቄት ጠጣህ ከሚለው በፊት፣ «ይህን የማደርገው ማንን ፈርቼ ነው? ማንንስ ወድጄ ነው?» የሚለው ይቀድማል።

«ታዲያ ያ ልጅ ፈርቶ ነበር እኮ፤ እንጀራው ሊቋረጥ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ለዚህ ነው ጥያቄው ለእርሱ ብቻ ያልሆነው። አንድ ወንድም ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ምሳውን ሲተው፣ የጎደለው ፕሮቲን ብቻ አይደለም። ከእርሱ ሁለት በር አልፎ ምሳውን የሚበላ ሰብሳቢ ነበረው። «ዛሬ በላህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጎድሎት ነበር። ያ ጉድለት የእኔ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በአጭሩ ልናገር። በመጀመሪያ ምግብህን ቁጠር፤ ለአንድ ሳምንት የበላኸውን ጻፍ፣ ጉድለት ካለ ታየዋለህ። ጉድለቱን በቅድሚያ በእንቁላል፣ በጥራጥሬ፣ በወተት፣ በለውዝ፣ አቅም ሲፈቅድም በሥጋና በዓሣ ሙላ። ያ ካልበቃና ማሟያ ካስፈለገህ በማስመጣት ሕጋዊ ፈቃድ ካለው ቦታ፣ ማሸጊያው ያልተነካውን፣ ቀኑ የሚነበበውን ግዛ፤ በጣሳው ላይ ከተጻፈው መጠን አትለፍ፤ ንጹሕ ውኃም ጠጣ። የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ወተት የማይስማማው ሰው ከአጓት የተሠራው ዱቄት ሆዱን ሊነፋው ይችላል። ለዱቄቱ የሚወጣው ገንዘብ ከምሳ፣ ከቤት አስቤዛ ወይም ለወላጅ ከሚላከው የሚቀነስ ከሆነ ግን ዋጋው በጣሳው ላይ ከተለጠፈው ይበልጣል። ለቸኮለውም አባቶች ከእኛ በፊት ተናግረዋል፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የወንድማችንን ነገር ልጨርስ። ወደ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ብዙ አልተናገረም፤ «አንተም ከሳቁት ጋር ስትስቅ ነው የከፋኝ» ብቻ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ የሱቁ ባለቤት ያስቀረው ሁለተኛውን ረዳት ነው፤ የእኛ ልጅ ተሰናበተ። ታሪኩ እንዲህ ባያልቅ ደስ ባለኝ። ጋሼ ግን ወሰዱትና ጋራዥ ውስጥ ሙያ ያስተምሩት ጀመር፤ «ሞተር በጆሮ እንጂ በትከሻ አይሠራም» እያሉ። አሁን መኪና ሲመጣለት ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት አስነሥቶ ያዳምጣል። ረቡዕ ረቡዕ በሰፈሩ የምንሠራ ስድስት ሰባት ወጣቶች በአንድ ትሪ በያይነቱ እንበላለን፤ ገንዘብ ያጠረው ሳይጠየቅ ይቀመጣል። እርሱም ከእኛ ጋር ይቀመጣል። ዛሬም ቀጭን ነው።

መርካቶ ውስጥ «ምን አለሽ ተራ» የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ሰው የሚጠየቀው ያለውን ነው። በሶማሌ ተራ ደግሞ የጎደለውን። ሁለቱ ሰፈሮች ጎረቤታሞች መሆናቸው ደስ ይለኛል። ወጣት ሆይ፣ ጣሳ ከመግዛትህ በፊት በሁለቱም በኩል እለፍ። እናንተም መሪዎች፣ ወንድማችሁን «ምን ጎድሎህ ነው?» ከማለታችሁ በፊት መልሱን ለመስማት ጊዜ እንዳላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ለኅብረት ውይይት

1. «ምን ጎድሎህ ነው?» የሚለውን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ የተናገርኸው ለማን ነበር? መልሱን ሰምተሃል?

2. ሰውነትን በማንገሥና ሰውነትን በመናቅ መካከል የእናንተ ኅብረት ወደየትኛው ያዘነብላል? በምን ታወቀ?

3. ባለፉት ሦስት ቀናት የበላችሁትን ጻፉ። የጎደለው ምንድን ነው? ያለጣሳ የሚሞላው የትኛው ነው?

4. በኅብረታችሁ ውስጥ ምሳ የማይበላ ሰው መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?